የትንሽ ትራክተር የፊት አክስል፦ ግቢ ውስጥ ፈትቶ መጠገን፣ ቶርኖ ቤት መውሰድ፣ ሙሉውን መቀየር ወይስ ማስፋት?

“አክስሉ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይረው።” ድሬዳዋ ላይ ትንሽ ትራክተር ያለው ሰው ሦስት ሰው ቢያማክር አንዱ ይህን ይለዋል። ሁለተኛው “ቶርኖ ቤት ውሰደው” ይላል፤ ብረት በማሽን ተቀርጾ የሚሠራበትን ቤት ማለቱ ነው። ሦስተኛው “አቦ ምን ያስወጣሃል፣ እዚሁ ግቢህ ፍታው” ይላል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ እያንዳንዱ የሚያወራው በልቡ ስላለው ሌላ ትራክተር መሆኑ ነው።

እዚህ የማወዳድረው ለአትክልት ማሳ፣ ለውሃ ቦቴና ለጋሪ የሚውሉትን ትናንሾቹን ነው። እንደ ኩቦታ፣ ያንማርና ኢሴኪ ያሉትን ማለቴ ነው። የትኛው ማርክ ይሻላል የሚለው ውስጥ አልገባም። ዋጋም በብር አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል።

መጀመሪያ ያላችሁን አክስል እወቁ

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኃይል የማይደርሰው፣ ዝም ብሎ የሚሸከምና የሚታጠፍ አክስል ነው። አንድ አግዳሚ ብረት መሃሉ ላይ በወፍራም ፒን ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። በዚያ ፒን ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬት እንዳይለቅ። ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማው የሚታጠፍበት ቁም ፒን አለ። ጎማው ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) እና አንድ ፓራኦሊዮ (ዘይትና ግራሶ እንዳይወጣ የሚይዝ ጎሚኒ) ታገኛላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ፊቱም የሚነዳው ነው። መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ማርሽ አለው። ኃይሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ በማርሽ ወደ ታች ይወርድና ወደ ጎማው ይሄዳል። ሁሉም ዘይት ውስጥ ነው የተነከረው። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኝበትን ክፍተት የሚወስኑት ሺም የሚባሉ ስስ ቀለበቶች ናቸው። አንዷ ሺም ከቦታዋ ከተቀያየረች ማርሹ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይበላል።

የመጀመሪያውን ግቢያችሁ ውስጥ ብትፈቱ አልቃወምም። ሁለተኛውን ያለ በቂ ምክንያት አትክፈቱ።

ሳትፈቱ የላሸቀውን ቦታ አግኙ

ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፉ። ፊቱን በክሪክ አንሱና ሻንሲውን በጠንካራ ግንድ ወይም በብረት ማቆሚያ አሳርፉ። ብሎኬት አትጠቀሙ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። አክስሉ መሃሉ ላይ ስለሚወዛወዝ በአግዳሚውና በሻንሲው መካከል ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። አለዚያ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብልባችሁ ይችላል።

አሁን አንድ ሰው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቅ። ሌላው ጎንበስ ብሎ ይይ።

ጎማው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ነው። ጎማውና ቁም ፒኑ አብረው ከተንቀሳቀሱ ቦካላው፣ ማለትም ፒኑ ውስጡ የሚዞርበት ቱቦ ነው። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ መሪው ሳይዞር ጎማው ከዞረ የቲራንቲው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ጫፍ ነው። ቀጥሎ አክስሉ መሃል ስር ረጅም ብረት አስገብታችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉ። አግዳሚው ከሻንሲው ተለይቶ ከዘለለ የመሃል ፒኑ ነው።

“አልቋል” የተባለ አክስል ብዙ ጊዜ ይህችው የመሃል ፒን ሆና ትገኛለች። የግራሶ መክተቻዋ ያለችው ከራዲያተሩ በታች፣ ካልተንበረከኩ በማይታይ ቦታ ነው። ስለዚህ ትረሳለች። ፒኗ ወጥታ ስትታይ ከላይ በኩል አዲስ ትመስላለች። ገልብጣችሁ ጣታችሁን ስታስኬዱባት ግን ጥፍር የሚይዝ እርከን አለ። ሸክሙ በሙሉ ያረፈው በዚያ በኩል ነው። ዙሪያዋን የነበረው ግራሶ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር ተቦክቶ እንደ ግንበኛ ሞርታር ደርቋል።

የሚነዳ አክስል ካላችሁ አንድ ሁለት ነገር ጨምሩ። ከታች ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፍቱና ዘይቱን ንጹሕ ሳህን ላይ ተቀበሉት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ደቃቅ የብረት ብናኝ ብቻ ካለው የዕድሜ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ከወጣ ጥርስ ተሰብሯል፣ መከፈቱ አይቀርም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መተንፈሻውን እዩ። አክስሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። በድሬ ሙቀት ይህ በቀላሉ ይከሰታል። መተንፈሻውን ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። ሳያዩት ሁሉን ፓራኦሊዮ የሚቀይር ግን ሞልቷል።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ስራው ምን ያህል ልኬት ይፈልጋል፦ በዓይን የሚገጥም ነው ወይስ የሚሊ ሜትር ሽራፊ? ሐሳቤን ብቀይር መመለስ ይቻላል? ቢከሽፍ ምን ይደርሳል፦ ማሳ ውስጥ መቆም ነው ወይስ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው የደንገጎ ቁልቁለት ላይ መሪ መሳት? ትራክተሩ ስንት ቀን ይቆማል? ገንዘቡስ?

ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። እኔ ሦስተኛውን አስቀድማለሁ። ማሳ ለማሳ የሚውል ትራክተርና ውሃ ጭኖ አስፋልት የሚወጣ ትራክተር አንድ ዓይነት ውሳኔ አይገባቸውም።

አማራጭ 1፦ ግቢ ውስጥ ፈትቶ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ መቀየር

ለማይነዳ አክስል ይህ የቤት ስራ ነው። ቁልፍ፣ መዶሻ፣ ኩሽኔታ ማውጫና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃችኋል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሩ። ፀሐይዋ ስትበረታ ብረቱ ራሱ አያስይዝም፣ ከሰዓት ደግሞ የጎደለ ዕቃ ብትፈልጉ ክፍት ሱቅ ማግኘት ዕድል ነው።

የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ የለም ብላችሁ አትጨነቁ። ኩሽኔታው ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 30205 ከሆነ የውስጡ 25፣ የውጩ 52 ሚሊ ሜትር ነው። 30206 ከሆነ 30 በ62 ነው። ቁጥሮቹ ዓለም አቀፍ ስለሆኑ የመኪና ኩሽኔታ የሚሸጥ ሁሉ ያውቃቸዋል። ፓራኦሊዮ ላይም እንዲሁ ሦስት ቁጥር አለ፦ ውስጥ፣ ውጭ፣ ውፍረት።

አዲስ ፓራኦሊዮ ገብቶም ካንጠባጠበ ዘንጉን እዩ። የድሮው ከንፈር ቀለበት የመሰለ ጭረት ፈልፍሎበት ይሆናል። አዲሱን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቀረት አድርጋችሁ ብትገጥሙት ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ ያርፋል። ቦታው ይህን ካልፈቀደ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ይሄዳል።

ስትገጥሙ ጎማውን እያሽከረከራችሁ ዳዶውን አጥብቁ። መሽከርከሩ ከበድ ሲል አቁሙ። ከዚያ የመቆለፊያው ፒን ቀዳዳ እስኪገጥም ትንሽ አላሉት። ቀዳዳው እንዲገጥም ብላችሁ ወደ ማጥበቅ አትሂዱ፤ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

አማራጭ 2፦ እናንተ ፈትታችሁ ቁራጩን ቶርኖ ቤት መውሰድ

ለፒንና ለቦካላ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ድሬዳዋ በዚህ ዕድለኛ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ የብረት ስራ ከከተማዋ ጋር አብሮ አድጓል። ሐረር ያላችሁም ሙሉውን ትራክተር ደንገጎን ማውረድ የለባችሁም። ፒኑንና ቤቱን በከረጢት ይዛችሁ ታክሲ መሳፈር ትችላላችሁ። መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

ልኬት በወረቀት ጽፋችሁ አትሂዱ። ፒኑንም ፒኑ የሚገባበትን ቤትም አብራችሁ ውሰዱ። ቤቱ ራሱ እንቁላል ቅርጽ ይዞ ከሆነ በወረቀት ላይ አይታይም።

ለቶርኖ ባለሙያው አራት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ቦካላው ተጭኖ የሚገባ ይሁን፤ በእጅ ከገባ ነገ አብሮ ይሽከረከራል። ሁለተኛ፣ የውስጡ የመጨረሻ ልክ ከተጫነ በኋላ ይውጣ፤ ሲጫን ይጠባልና። ሦስተኛ፣ በፒኑና በቦካላው መካከል ግራሶ የሚኖርበት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተው። አራተኛውን ሁሉም ይረሳዋል፦ የግራሶ ቀዳዳው ከመክተቻው ጋር ፊት ለፊት ይግጠም፣ ውስጡም ግራሶ የሚሄድበት ቦይ ይቆፈርለት። ቦይ የሌለው ቦካላ ግራሶ ብትጨምሩለትም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀባል።

ከምን ይሠራ? ብሮንዝ ከሁሉም ይሻላል፣ ግራሶ እስካልተቋረጠበት ድረስ። ጠንካራ ናይሎን ርካሽ ነው፣ ዝምተኛም ነው፤ ከባድ ሸክም ግን ያላሽቀዋል። ብረት በብረት አይሁን። ማለቅ ያለበት ርካሹ ዕቃ ነው። ቦካላው ይለቅ፣ ፒኑ ይቆይ። ፒኑንም ከግንባታ ፌሮ አታስቆርጡ፣ ለስላሳ ነው። የአሮጌ ጭነት መኪና አክስል ዘንግ ቆርጦ መሥራት ከዚያ በብዙ ይሻላል።

አማራጭ 3፦ ሙሉ አሮጌ አክስል ገዝቶ መቀየር

የአክስሉ ቤት ከተሰነጠቀ ወይም ማርሹ ከተሰበረ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ፍለጋው ወይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው ወይ ከጅቡቲ በኩል ነው። ቆጥራችሁ ያዙት፣ ቀኑ ይረዝማል።

የማይነዳ ከሆነ የመሃል ፒኑን ውፍረትና ርዝመት፣ የቸርኬውን የብሎን ቀዳዳ ብዛትና ርቀት ካመሳከራችሁ ይበቃል። የሚነዳ ከሆነ ግን ሞዴሉ ተመሳሰለ ብላችሁ አትክፈሉ። የፊት ጎማ ከኋላው በጥቂት በመቶ ቀድሞ እንዲሽከረከር ነው የሚሠራው። ስሌቱ ከተዛባ ፊትና ኋላ ሲጓተቱ ይውላሉ፣ ደረቅ መሬት ላይ ማርሹን ይበላሉ። ስለዚህ በአሮጌውም በሚገዛውም አክስል ላይ ሁለቱንም ጎማ ማሰሪያዎች እኩል እያዞራችሁ አንድ ዙር እስኪሞሉ የመግቢያው ዘንግ ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠሩ። የዘንጉን ጥርሶችም ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ተዉት።

በዚሁ ምክንያት በሚነዳ አክስል ላይ የተገኘውን ጎማ ሁሉ አትግጠሙ። የጎማ ቁመት መቀየር ስሌቱን መቀየር ነው።

አማራጭ 4፦ ማስፋት

ለሽንኩርት ወይም ለድንች መደብ የፊት ጎማዎቹ ርቀት ጠቦባችሁ ከሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። ተዳፋት ላይ እንዳይገለበጥ ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። የፊት አክስሉ መሃሉ ላይ ስለሚወዛወዝ ሰፋም ጠበበም ትራክተሩን ከመገልበጥ ብዙም አይታደገውም፤ የጎን ሸክሙን የሚይዙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። መስፋት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ለማስፋት አራት መንገድ አለ፣ ከጥሩው ወደ መጥፎው ልሂድ።

የመጀመሪያው የራሱን ቀዳዳዎች መጠቀም ነው። ብዙ የማይነዱ አክስሎች አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተቱ ናቸው። ብሎኑን ፈትቶ፣ ጎትቶ፣ ቀጣዩ ቀዳዳ ላይ ማሰር ነው። ለዓመታት ያልተነካ ስለሆነ ዝጎ ይይዛል፤ ቀድማችሁ ዘይት አጠጡት። ቲራንቲውንም ግራና ቀኝ እኩል አርዝሙ። ሲያልቅ የጎማዎቹን ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል፣ በማዕከላቸው ከፍታ ለኩ። ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ላይ የፊቱ ከኋላው ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። መመሪያው ካላችሁ እሱን ተከተሉ።

ሁለተኛው ቸርኬውን መገልበጥ ነው፣ ጎድጓዳ ከሆነ። የግራውን ገልብጣችሁ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ገልብጣችሁ ወደ ግራ ውሰዱ። እዚያው ጎን ላይ ብትገለብጡት የጎማው ጥርስ አቅጣጫ ወደ ኋላ ይዞራል። ቫልቩም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ምንም እንዳይነካው መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙራችሁ እዩ። ፊቱ የሚነዳ ትራክተር ላይ ግን አምራቹ የፈቀደው መሆኑን ሳታዩ አትገልብጡ።

ሦስተኛው ስፔሰር፣ ማለትም በጎማውና በማሰሪያው መካከል የሚገባ ወፍራም ብረት ማስገባት ነው። ቶርኖ ቤት በአንድ ቀን ይወጣል። ግን ጎማው ከቁም ፒኑ ስለሚርቅ መሪው ይከብዳል፣ የውጩ ኩሽኔታም ከልኩ በላይ ይሸከማል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለማሳ ይታገሡታል። ከዚያ በላይ አልመክርም።

አራተኛው ቆርጦ መቀጠል ነው። በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ግን ብረቱ ነው። የቱቦ ብረት በረጅም እጅጌ ተደርቦ ከተበየደ ማሳ ላይ ይሠራል። አፍ ለአፍ ብቻ የተበየደ ግን ይለቃል። የሚነዳ አክስል ቤት ብዙ ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ ተበይዶ ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ቁም ፒን፣ የመሪ ክንድና ቲራንቲ ላይ ብየዳ በጭራሽ። እነሱ ሲለቁ ጎማው ወደ ፈለገበት ነው የሚሄደው።

አማራጭ 5፦ የፊቱን ኃይል ማቋረጥ

የፊት ማርሽ ሲሰበር አንዳንዱ ኃይሉን ወደ ፊት አክስል የሚወስደውን ዘንግ አውጥቶ በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል። ርካሽ ነው፣ ነገ መመለስም ይቻላል፤ የተሰበረው ቁራጭ ውስጥ ሆኖ እንዳይፈጭ ግን መውጣት አለበት። ድሬዳዋ አጠገብ ላለው ጠፍጣፋ የመልካ ጀብዱ መሬት አይከፋም።

ወደ ሐረር በኩል ላላችሁ ግን ቆም በሉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያላቸው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፊቱ ሲያያዝ ፍሬኑ በዘንጉ በኩል የፊት ጎማንም ይይዛል። ዘንጉን ስታወጡ ፍሬናችሁንም ግማሽ አወጣችሁ ማለት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ጋሪ እየጎተተ ለሚወርድ ሰው ይህ አማራጭ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ባጭሩ ጎን ለጎን

| አማራጭ | የሚፈልገው ልኬት | መመለስ ይቻላል? | ቢከሽፍ | የሚቆምበት ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ በቤት | መካከለኛ | አዎ | ጎማ ይላሽቃል፣ ዘይት ይፈሳል | አጭር | ዝቅተኛ |
| ፒንና ቦካላ በቶርኖ | ከፍተኛ | አዎ | መሪ ይላሽቃል | ጥቂት ቀን | መካከለኛ |
| ሙሉ አሮጌ አክስል | መካከለኛ፣ የሚነዳ ከሆነ ከፍተኛ | አዎ | ማርሽ ይበላል | ረጅም | ከፍተኛ |
| በራሱ ቀዳዳ ወይም በቸርኬ ማስፋት | ዝቅተኛ | አዎ | ጎማ ይበላል | ግማሽ ቀን | ከሞላ ጎደል በነጻ |
| ስፔሰር | መካከለኛ | አዎ | ኩሽኔታ ቶሎ ያልቃል | አጭር | ዝቅተኛ |
| ቆርጦ መበየድ | ከፍተኛ | አይ | አክስል ይለቃል | ጥቂት ቀን | መካከለኛ |
| የፊት ኃይል ማቋረጥ | ዝቅተኛ | አዎ | ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያንሳል | አጭር | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነና ትራክተሩ ከማሳ የማይወጣ ከሆነ አማራጭ 1ን ራሳችሁ ሥሩ፤ ፒኑ ከተበላ 2ን ጨምሩ። አብዛኛው ሰው እዚሁ ላይ ያበቃል። እኔም ከ1 እና 2 ውጭ የሚያስኬድ ምክንያት እስካላየሁ ድረስ ሌላ አልመክርም።

ትራክተሩ አስፋልት የሚወጣና ጋሪ የሚጎትት ከሆነ ፒኑና ቦካላው ላይ አትቆጥቡ። ስፔሰርም ብየዳም ይቅርባችሁ።

የሚነዳ አክስል ዘይት እያንጠባጠበ ነገር ግን ማርሹ ካልጮኸ መተንፈሻውን አጽዱ፣ መመሪያው የሚያዝዘውን የማርሽ ዘይት ሙሉ፣ ለጥቂት ቀን ተከታተሉት። ከጮኸ ወይም ብረት ከተፋ መክፈቱን ሥራው ላይ ለዋለ መካኒክ ስጡ። እናንተ መክፈት ካለባችሁ እያንዳንዷን ሺም ከወጣችበት ጎን ስም ጋር በየራሷ ፌስታል አስገቡ። ግራና ቀኝ አይቀላቀሉ፣ ፎቶም አንሱ።

መዝሪያው ከደረሰና ጊዜ ከሌላችሁ ኃይሉን አቋርጦ ወቅቱን ማሳለፍ ለጠፍጣፋ መሬት ይፈቀዳል። አክስል ፍለጋውን እስከዚያው ጀምሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመጀመሪያው ቀን ስራ በኋላ ፊቱን እንደገና አንሱ። የጎማ ብሎኖቹን በቁልፍ ሞክሩ፣ ማዕከሉን በእጃችሁ ዳብሱ። አንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ የሚያቃጥል ከሆነ ያ ኩሽኔታ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ዳዶውን ትንሽ አላሉት።